የበራበት ቦታና የመጣበት ቦታ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ አዘጋጆች ደውለው «ንግግር አድርጊልን፣ ርዕሱን አንቺ ምረጪ» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ርዕሱን ስነግራቸው ግን ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። «በጋላክሲያችን መሀል ያለው ፀረ-ቁስ ከየት ይመጣል?» ነበር ያልኳቸው። ከአዘጋጆቹ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ስለሆነ ሳይሳቀቅ «ሐኪም ሆነሽ ሄደሽ ኮከብ ቆጣሪ ሆነሽ መጣሽ እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም እዚህ ጉዳይ ውስጥ ምን እንዳስገባት በማስረዳት ልጀምር።

እኔ የኑክሌር ሕክምና ሐኪም ነኝ። ከዚህ ግቢ ከወጣሁ በኋላ ውጭ አገር ስፔሻላይዝ አድርጌ፣ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ፔት ስካን በማንበብ ነው እንጀራዬን የምበላው። «ፔት» ከሚለው ስም የመጀመሪያዋ ፊደል ፖዚትሮን ማለት ናት። ፖዚትሮን ደግሞ የኤሌክትሮን ግልባጭ ነው፤ ክብደቱ እኩል፣ ቻርጁ ተቃራኒ። ፀረ-ቁስ ሲባል የምትሰሙት ይኸው ነው። ፖል ዲራክ በ1928 ካወጣው ቀመር ውስጥ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ነገር መኖር እንዳለበት ተነበየ፤ ካርል አንደርሰን ደግሞ በ1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ሲያጠና በዓይኑ አየው። (የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፀረ-ቁስ ሲባል ሰው የፊልም ነገር ይመስለዋል። አይደለም። እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ሁሉ አሁን ፀረ-ቁስ እየሠራችሁ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፖታሲየም በጣም ጥቂቱ ፖታሲየም-40 የሚባለው ሬዲዮአክቲቭ ዓይነት ነው። እሱም አልፎ አልፎ ፖዚትሮን ይተፋል፤ ለአንድ ሙሉ ሰው በደቂቃ አንድ ሁለት ያህል ይደርሳል። ሙዝ የበላ ደግሞ ትንሽ ይጨምርለታል።

ፖዚትሮኑ ዕድሜ የለውም። በዙሪያው ያለው ሁሉ ኤሌክትሮን ነው፤ ከአንዱ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። በቦታቸው ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ኃይል 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የኤሌክትሮን ክብደት በአንስታይን ቀመር ወደ ኃይል ሲመነዘር 511 ይሆናል። ስለዚህ የትም ቦታ 511 ካያችሁ፣ እዚያ ፖዚትሮን ሞቷል ማለት ነው። የጣት አሻራ እንደማለት ነው።

እኔ የማነበው ማሽን በዙሪያው ክብ የተደረደሩ ጠቋሚዎች አሉት። ለታካሚው ፍሎሪን-18 የተለጠፈበት ስኳር፣ ኤፍዲጂ የምንለውን፣ በመርፌ እንሰጣለን። የፍሎሪኑ ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ነው። ስኳሩን አብዝቶ የሚበላው ሕዋስ ብዙ ፍሎሪን ያከማቻል፤ ፖዚትሮኑ እዚያው ይሞታል፤ ሁለቱ ጨረሮች ሁለት ተቃራኒ ጠቋሚዎችን በአንድ ቅጽበት ይመታሉ። በመሀላቸው መስመር እናሰምራለን። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ምስሉ ላይ ይበራል።

አሁን አንድ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ። ይህ ስኳር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በነሐሴ 1976 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1977፣ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ አሊስ ስፕሪንግስ ከምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ባሉን ወደ ሰማይ ለቀቁ። ጋማ ጨረርን አየራችን ስለሚያስቀረው መሣሪያውን ከአየሩ በላይ ማንጠልጠል ያስፈልግ ነበር። ባሉኑ የጀርማኒየም ጠቋሚ ተሸክሞ ወደ ጋላክሲያችን መሀል አነጣጠረ። ያመጣው ቁጥር ያው 511 ነበር። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአርጀንቲና የተለቀቁ ባሉኖችም አንድ ምልክት አይተው ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያቸው ቁጥሩን አጥርቶ መለየት አልቻለም ነበር። የሰው አካልና ጋላክሲ በአንድ ዘመን በአንድ ጨረር ታዩ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው፤ ያወቅሁበት ምክንያትም የሚያኮራ አይደለም።

አንድ ታካሚዬን ላንሳ። ስማቸውንም፣ ከተማውንም፣ ሆስፒታሉንም አልጠራም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ስድሳዎቹን ያጋመሱ እናት፣ ያገራችን ሰው፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሳል ያዛቸው። ከሱ፤ ሌሊት ሌሊትም ያልባቸዋል። ሲቲ ስካን ሳንባቸው ላይ እባጭ አሳየ። «ካንሰር ይሆናል፣ ፔት ይነሡ» ተባለ። ቴክኒሻኑ በቋንቋ መግባባት ሲያቅተው እኔን ጠራኝ።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ታካሚው አንድ ሰዓት ያህል ብርድ ልብስ ለብሶ ጸጥ ብሎ መቆየት አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ስኳሩን ይሻማል። እማማ ግን ዝም የሚሉ አልነበሩም። አማርኛ የሚሰማ ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ የት ነው?» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ስለ ባለቤታቸው አነሡ። ባለቤታቸው «በሳንባ» እንደሞቱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋቸው ሥር ሆነው እንዳስታመሟቸው ነገሩኝ። እኔም «አይዞዎት እማማ፣ አሁን አይናገሩ፣ ይረፉ» አልኳቸው። ብርድ ልብሱን አስተካክዬላቸው ወጣሁ።

ምስሉ ሲወጣ እንደ ደመራ የሚነድ ነበር። የሳንባው እባጭ በርቷል፤ የደረት መሀል ሊምፍ ኖዶች በርተዋል፤ አንገት ላይ በቀኝም በግራም በርቷል። ሪፖርቴን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። «የሳንባ ካንሰር፣ ወደ ሊምፍ ኖዶች የተሰራጨ» አልኩ። «ሊሆን ይችላል» እንኳ አላልኩም። ሌላ አማራጭ አንድም አልጻፍኩም።

ልጃቸው እንደ ባህላችን «እባካችሁ ለእናቴ እንዳትነግሯት» ብላ ለመነች። ወንድሞቿ አገር ቤት ሆነው ቪዛ ለመጠየቅ ይሯሯጡ ጀመር። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ የሚለቀስላቸው ሰው ቁጭ ብለው ቡና እያፈሉ። ሕክምናውን የያዘው ሐኪም ግን ጥንቁቅ ሰው ነበርና ከአንገታቸው ናሙና ካልተወሰደ አልጀምርም አለ። በአሥራ አንደኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ካንሰር የለም። ቲቢ ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ መምህሮቼ፣ ፊታችሁን ማየት አልፈልግም። የአንገት እባጭ፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ቤት ውስጥ በሳንባ የሞተ ሰው። በዚህ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ቢጠየቅ የሚመልሰው ነው። ዎርድ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ ያሳደጉን መምህር ዛሬም እዚህ አሉ። የቲቢ ቁስል ውስጥ የሚሰበሰቡት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ስኳር በገፍ ይበላሉ፤ ስለዚህ እንደ ካንሰር ያበራሉ። ይህን አውቀው ነበር። ምስሉ የነገረኝ «እዚህ ቦታ ስኳር እየተበላ ነው» ብቻ ነበር። ማን እንደሚበላው፣ ከየት እንደመጣ አልነገረኝም። ያንን የነገሩኝ እማማ ነበሩ፤ እኔ ግን ዝም አሰኘኋቸው።

ስድስት ወር መድኃኒታቸውን ወስደው ዳኑ። ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ምን እንደተባለ ጠርጥረው እንደነበር ገባኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ዕለት ነግሬሽ ነበር እኮ።» ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱ የበራ ቦታ ስለ ምን እንደሚመሰክር፣ ስለ ምን እንደማይመሰክር ከሥር ማጥናት የጀመርኩት። ወደ ፊዚክሱ ተመለስኩ። እዚያ ስገባ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸው ሰዎች አገኘሁ። ለሃምሳ ዓመት አንድ የበራ ቦታ እያዩ «ከየት መጣ?» ሲሉ የኖሩ ናቸው። እስቲ እንደ ልማዳችን ኬዙን ላቅርብላችሁ።

ታካሚዋ ፍኖተ ሐሊብ፣ ጋላክሲያችን ናት። ዕድሜዋ ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። የመጣችበት ምክንያት፦ ከመሀሏ የሚወጣ የማያቋርጥ የ511 ጨረር። ቦታው ከእኛ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ሂስትሪ የሚሰጥ ቤተሰብ የለም።

ምርመራውን በዋናነት ያደረገው ኢንቴግራል የተባለው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሳተላይት ነው። በጥቅምት 2002 ከባይኮኑር ተመነጠቀ። 19 የጀርማኒየም ጠቋሚዎች የያዘ መሣሪያ ነበረው፤ በጣም ቀዝቅዘው ነው የሚሠሩት። የጠፈር ጨረር እየጎዳቸው ስለሚሄድ በየጊዜው ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እያሞቁ «ያክሟቸው» ነበር። አራቱ በዓመታት ውስጥ ሞቱ፣ የቀሩት ቀጠሉ። ሳተላይቱ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ ሠርቶ የካቲት 28 ቀን 2025 ምልከታውን አቆመ።

ይህን ያህል ዓመት ለምን ፈጀ? እኔ ለአንድ ታካሚ የምሰጠው መድኃኒት በሰከንድ ከ200 እስከ 400 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይፈነዳል፤ ምስሉ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ከጋላክሲው መሀል ግን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ የ511 ጨረር የሚያርፈው በአሥራ ሰባት ደቂቃ ገደማ አንዴ ነው። የእኔ ማሽን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይለያል፤ የሳተላይቱ መሣሪያ ግን ሰማይ ላይ ከአምስት ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያነሰ ነገር መለየት አይችልም። ምስሉ ጭጋግ የበዛበት ነው ማለት ነው።

የምርመራው ውጤት አራት ነገር ይላል።

አንደኛ፣ ብዛቱ። በጋላክሲያችን ውስጥ በየሰከንዱ የሚሞቱት ፖዚትሮኖች ቁጥር 5 ተጽፎ ከኋላው 43 ዜሮ የሚደረደርበት ያህል ነው። ከመሀሉ እብጠት ብቻ የሚወጣው ኃይል የፀሐያችንን ወደ 10 ሺህ እጥፍ ይጠጋል።

ሁለተኛ፣ ቦታው። የሚያስደንቀው ይህ ነው። ወጣትና ትላልቅ ኮከቦች የሚወለዱትና የሚፈነዱት በጋላክሲው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ነው። 511 ግን ጎልቶ የሚበራው መሀል ላይ፣ አሮጌ ኮከቦች በሚኖሩበት እብጠት ውስጥ ነው። የሳህኑ ብርሃን ደካማ ነው። በሌላ የሞገድ ዓይነት የተነሣ የጋላክሲ ምስል ይህን አይመስልም።

ሦስተኛ፣ የአሟሟቱ ሁኔታ። ፖዚትሮኑ ሁልጊዜ ወዲያው አይጠፋም፤ አንዳንዴ መጀመሪያ ኤሌክትሮን ይዞ ፖዚትሮኒየም የሚባል አጭር ጥምረት ይፈጥራል። ጥምረቱ ከአራት ሦስት ጊዜ ሦስት ጨረር ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት። ሦስቱ ጨረሮች ኃይሉን ስለሚካፈሉ እያንዳንዳቸው ከ511 በታች ይሆናሉ። ከዚህ በመነሣት መሀል ላይ ካሉት ፖዚትሮኖች ሁሉም ማለት ይቻላል በፖዚትሮኒየም በኩል እንደሚያልፉ ታውቋል። ምልክቱ ቀጭን መሆኑ ደግሞ የሚሞቱት ወደ ስምንት ሺህ ዲግሪ በሚጠጋ ጋዝ ውስጥ እንደሆነ ያሳያል። በነገራችን ላይ ፖዚትሮኒየም በታካሚዎቻችን ሰውነት ውስጥም ይፈጠራል፤ በፖላንድ ክራኮቭ ያሉ ተመራማሪዎች በ2024 በሕይወት ያለ ሰው ውስጥ የተነሣ የፖዚትሮኒየም ምስል አሳትመዋል።

አራተኛው ለእኛ ለሐኪሞች የሚጣፍጥ ነው፣ «የሚያስወግድ» ምርመራ። ፖዚትሮኖቹ ሲወለዱ በጣም ፈጣን ቢሆኑ ኖሮ የተወሰኑት ገና ሳይዘገዩ በሩጫ ላይ ይሞቱና ከ511 በላይ ተጨማሪ ጨረር ይተዉ ነበር። ያ ጨረር በሚጠበቀው መጠን አልታየም። ስለዚህ አብዛኞቹ ሲወለዱ ኃይላቸው ከጥቂት ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም፤ ወደ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ነው ጣሪያው።

አሁን ዲፍረንሻሉን እንደርድር።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አሉሚኒየም-26 ነው። ትላልቅ ኮከቦች ይሠሩታል፤ ግማሽ ዕድሜው 700 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፤ ሲፈርስ አብዛኛውን ጊዜ ፖዚትሮን ይተፋል። ይህ ተጠርጣሪ በምርመራ የተረጋገጠ ነው፤ በ1809 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የራሱን ጨረር ስለሚሰጥ ቦታውን አይተናል። ኢንቴግራል ይህ ጨረር ከጋላክሲው ጋር አብሮ ሲዞር ስላየ፣ ትላልቅ ኮከቦች በመቶ ዓመት ሁለት ያህል እንደሚፈነዱ ማስላት ተችሏል። ችግሩ አሉሚኒየሙ ሳህኑ ላይ ነው ያለው፤ ከጠቅላላው ፖዚትሮን ውስጥም የሚሸፍነው ከአሥር አንድ ያህሉን ነው። ጥፋተኛ ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም።

ሁለተኛው የነጭ ድንክ ኮከቦች ፍንዳታ ነው። አሮጌ ኮከቦች ስለሆኑ መሀሉ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ሲፈነዱ ብዙ ኒኬል-56 ይፈጥራሉ፤ እሱ ወደ ኮባልት-56 ይለወጣል፤ ኮባልቱ በ77 ቀን ግማሽ ዕድሜ ሲፈርስ የተወሰነውን ጊዜ ፖዚትሮን ይሰጣል። በ2014 በጎረቤት ጋላክሲ በታየው ፍንዳታ ኢንቴግራል የኮባልቱን ጨረር በቀጥታ አይቷል። ጥያቄው ፖዚትሮኖቹ ከፍንዳታው ፍርስራሽ ማምለጥ መቻላቸው ነው፤ እዚያው ውስጥ ከሞቱ ወደ ጋላክሲው አይደርሱም። በ2017 ደግሞ ሁለት ነጭ ድንኮች ሲዋሃዱ የሚፈጠር አንድ ደብዛዛ የፍንዳታ ዓይነት ተጠቆመ። ይህኛው ታይታኒየም-44 ይሠራል ተብሎ ይታሰባል፤ ግማሽ ዕድሜው ወደ ስድሳ ዓመት ስለሆነ ፍርስራሹ እስኪሳሳ ይጠብቅና ፖዚትሮኖቹን በነጻ ይለቃቸዋል።

ሦስተኛው የጥቁር ጉድጓድና የኮከብ ጥንዶች ናቸው። ጥቁር ጉድጓዱ ከጓደኛው ጋዝ እየሳበ ሲበላ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ፖዚትሮን ሊፈጠር ይችላል። በ2015 ቪ404 ሲግኒ የሚባለው ጥንድ በኃይል ሲበራ የፖዚትሮን ሞት ምልክት ታየ የሚል ጽሑፍ በ2016 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ አይተው አልተስማሙም። በምስል ንባብ እኛም እናውቃታለን ይህቺን፤ አንድ ፊልም፣ ሁለት ሪፖርት።

አራተኛው በመሀሉ የተቀመጠው ትልቁ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ አራት ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ይመዝናል። ዛሬ ጸጥ ብሏል። በ2010 ግን ከጋላክሲው መሀል ወደ ላይና ወደ ታች የተነፉ ግዙፍ የጋማ ጨረር አረፋዎች ተገኙ፤ መሀሉ ድሮ ተቆጥቶ እንደነበር ይጠቁማሉ። ያኔ የተረጨ ፖዚትሮን ዛሬ እየሞተ ሊሆን ይችላል። የድሮ ጠባሳ ዛሬ ሲያስል እንደማየት ነው።

አምስተኛው ጨለማ ቁስ ነው፤ የጋላክሲዎችን ክብደት በብዛት የያዘው ግን እስካሁን በእጅ ያልተያዘው ነገር። በ2004 አንዳንድ ፊዚክስ ሊቃውንት ቀላል የጨለማ ቁስ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጠፋፉ ፖዚትሮን ሊሰጡ ይችላሉ አሉ። ምልክቱ መሀል ላይ መከማቸቱ ይህን ሐሳብ ማራኪ ያደርገዋል። ቅድም ያልኩት የኃይል ጣሪያ ግን ቅንጣቱ በጣም ቀላል መሆን አለበት ብሎ አጥብቦታል። ጓደኞቼ፣ ብርቅዬው በሽታ ዲፍረንሻሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ግን ተራዎቹ ሳይወገዱ አንደኛ ቁጥር ላይ አይጻፍም። ይህን ከዚህ ግቢ ነው የተማርነው።

ታዲያ ሳተላይቱ ይህን ሁሉ ዓመት አይቶ አንዱን መምረጥ ለምን አቃተው? እዚህ ላይ ነው የእኔ ስህተት የመጣብኝ። በሰው ሥጋ ውስጥ የፍሎሪን ፖዚትሮን ከተወለደበት ተነሥቶ እስኪሞት በአማካይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚጓዘው። የሞተበት ቦታ የተወለደበት ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም። በጋላክሲው ውስጥ ግን ጋዙ በጣም ስስ ነው፤ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር አንድ አቶም ያህል፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በታች። ፖዚትሮኑ ፍጥነቱ እስኪበርድለት መቶ ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቅበዘበዛል። ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ የሚወስነው በመንገዱ ያለው የማግኔት መስክ ነው። የተወለደው ሳህኑ ላይ ሆኖ መሀል ሄዶ ሊሞት ይችላል፤ እዚያው አጠገቡም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የ511 ካርታ የመቃብሮች ካርታ ነው። የመቃብር ቦታ አይቶ የሰውን የትውልድ አገር መናገር አይቻልም፤ ከእኛ ውስጥ ስንቶቻችን የትና የት ተወልደን የት እንደምንቀበር አስቡት።

ቀጣዩ ምርመራ ቀጠሮ ተይዞለታል። ኮሲ የሚባል የናሳ መሣሪያ በ2027 ይመነጠቃል ተብሎ ታቅዷል። ቀደም ሲል በ2016 በባሉን ከኒውዚላንድ ተነሥቶ 46 ቀን በርሮ 511ን አይቷል። አሁን በሳተላይት ሆኖ ሰማዩን በሙሉ ደጋግሞ ይቃኛል። ብርሃኑ በትናንሽ ነጥቦች የተሠራ ነው ወይስ እንደ ጉም የተነጠፈ? ሳህኑ ምን ያህል ወፍራም ነው? ከአሉሚኒየሙ ካርታ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥስ ይገጥማል? እነዚህ መልስ ካገኙ ከዲፍረንሻሉ ላይ ቢያንስ አንድ ሁለቱን መሰረዝ ይቻላል።

እኔን የማረከኝ የእነዚህ ሰዎች አጻጻፍ ነው። በእጃቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዓታት ምልከታ አለ። ቢሆንም የትኛውንም ጽሑፋቸውን ብታነቡ «የጠፉበትን ቦታ ለክተናል» እና «የመነጩበትን እንገምታለን» የሚሉት ሁለት ነገሮች በተለያየ አንቀጽ ነው የሚቀመጡት። አይደባለቁም። እኔ ያን ዕለት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን በአንድ መስመር ጽፌ ፈረምኩ። የእነሱ ስህተት ማንንም አያስለቅስም፤ የእኔ አንድ ቤተሰብን አሥራ አንድ ቀን አስለቀሰ። ከእነሱ ይልቅ ጥንቃቄው የሚያስፈልገኝ እኔን ነበር።

ዛሬ ሪፖርቴ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የበራውን እጽፋለሁ፤ የት፣ ምን ያህል፣ ስንት ሴንቲ ሜትር። በሁለተኛው ምን ሊሆን እንደሚችል በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ቢያንስ ሁለት አማራጭ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ የሚለየውን ምርመራ። ቲቢ ካለበት አገር የመጣ ሰው ከሆነ ቲቢን ሳልጽፍ አላልፍም። ታካሚው መርፌውን ወስዶ በሚያርፍበት ክፍል ደግሞ ከመርፌው በፊት ገብቼ አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ፤ ጡንቻው እንዲያርፍ ጸጥታው ያስፈልጋል፣ ወሬው ግን ቀደም ብሎ ማለቅ ይችላል። ቴክኒሻኖቹ መጀመሪያ ላይ ቀጠሮ አዛባሽብን ብለው አጉረመረሙ። አሁን ለምደውኛል።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። እኛን ስታስተምሩን ራውንድ ላይ «አላውቅም» ያለ ተማሪ ይገሠጽ ነበር። ልክ ነበራችሁ፤ ሳናነብ ስለምንመጣ ነው። ግን አንብቦ፣ መርምሮ፣ አስቦ «እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ገና ነው» የሚል ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ማርክ ስጡት። ፈተናው ላይም አንድ ቦታ አስቀምጡለት። እኔ ያንን ዓረፍተ ነገር መጻፍ የተማርኩት ሐኪም ከሆንኩ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንዲት እናት ዋጋ ነው።

የክፍል ጓደኞቼ፣ ኮከብ ቆጣሪ አልሆንኩም። ማታ ማታ ግን ሥራ ጨርሼ ስወጣ አንዳንዴ ቀና እላለሁ። ያ ጨረር በዓይን አይታይም። እዚያ ማዶ እየወረደ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ቁጥሩም ቀን ሙሉ ስክሪን ላይ ሳየው የዋልኩት ያው ቁጥር ነው።